የኤርሜሊንዳ ድምፅ በመስታወት ውስጥ

ሪባን ደግሞ አስረውለታል፣ ቀይ ሪባን፣ ድልድይ የሚመርቁ ይመስል፣ እኔ ከስክሪኑ ጀርባ ተንበርክኬ ገመድ እሰካለሁ፣ ሶኬቱን ደጋግሜ እስታለሁ፣ ረጋ በይ ኔሬይዳ፣ ረጋ በይ፣ በምን ልርጋ፣ ከሰማሁ አምስት ደቂቃ አልሞላውም እኮ፣ ዘበኛው ኤፍራይን በሩን እየከፈተልኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ ኤርሜሊንዳን እኮ ቅዳሜ ሸኘናት አለኝ፣ ወዴት ነው የሸኛችኋቸው፣ እረፍት ወጡ እንዴ፣ እረፍትስ እረፍት ነው አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ የማይመለሱበት እረፍት፣ ሞቱ? አልኩት፣ ኧረ አታሟርቺባት፣ አባረሯት ነው የምልሽ፣ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች፣ ታክሲ የጠራሁላት እኔ ነኝ፣ አንቺ አልሰማሽም? አንቺማ የቤት ሰው ነሽ ብዬ።

የቤት ሰው። እኔ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተው፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በካርቶን።

ገመዱ ገባ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ነቃ፣ እና ድምፃቸው፣ ወይኔ፣ ያ ትንሽ ሻከር ያለው፣ ሊስቅ ሲል የተያዘ የሚመስለው ድምፅ ባዶው ሱቅ ውስጥ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ዛሬ ምን እንቀባ? ይላል፣ እንቀባ የሚለውን ራሳቸው ናቸው ያመጡት፣ እኔ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ሳቁብኝ፣ ልጄ ይሄ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ፣ ሰው ግድግዳው ተላልጦበት አፍሮ ነው የሚመጣው፣ ብቻውን እንዳይመስለው እንቀባ በይው፣ አሉኝ፣ ጻፍኩት፣ እሳቸው ተናገሩት፣ እኔ ቀዳሁት፣ እና ይኸው አሁን እሳቸው የሉም እንቀባው አለ።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ለሱቆች ስክሪን እነድፋለሁ እላለሁ፣ ሰው ፊቱ ቆሞ በጣቱ እየነካ የሚጠይቀው፣ የሚመልስለት፣ አክስቴ እስከ ዛሬ ቴሌቪዥን የምጠግን ነው የሚመስላት፣ የጫማ ሱቅ ሠርቻለሁ፣ የፋርማሲ ሠርቻለሁ፣ ሁሉም ያው ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይሽከረከራል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ በሦስተኛው ወር አንዱ ጥግ ይሰነጠቅና ለጊዜው አይሠራም የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ይሄኛውን ግን፣ የጋቪዮታ ቀለም ቤቱን ግን እንደዚያ እንዲሆን አልፈለግኩም፣ ቬራክሩዝ ላይ ቀለም ቀልድ አይደለም፣ የባሕሩ ጨው ግድግዳ ይበላል፣ የሰሜኑ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ግማሹ ከተማ እንደ ተላጠ ድንች ይሆናል፣ እና ሥራ አስኪያጁን፣ ኢንጂነር ባልታሳርን፣ ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካላስቀመጡኝ አልሠራም አልኩት፣ ከኤርሜሊንዳ ጋር ተቀመጪ አለኝ፣ እሷ አንድ ቀን ከቀረች ሱቁ ይጨልማል፣ እንዲህ ነው ያለው፣ በዚሁ ዛሬ ንግግር ሊያደርግበት በተዘጋጀው አፉ።

እና እኔ ሄጄ ምን አልኳቸው፣ ረዳት ነው ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ረዳትዎ ነው፣ መሰላል መውጣት ይቀርልዎታል፣ ቀላል ቀላሉን እሱ ይመልሳል፣ ከባድ ከባዱን እርስዎ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ብዙ አዩኝ፣ ረዳት ከሆነ ጥሩ፣ አሉ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ረዳት ስጡኝ ስል ኖሬ፣ ስትመጣ በቴሌቪዥን መልክ መጣችልኝ።

አራት ወር ከባንኮኒው ጀርባ በፕላስቲክ በርጩማ ተቀመጥኩ፣ የቮሎቫን ሻጩ ቅርጫቱን ተሸክሞ ሲያልፍ ሸርጣን የተሞላውን ዳቦ እንገዛለን፣ ግማሽ ግማሽ፣ እየበሉ ያወራሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ቀለም በመስታወት ላይ እንደሚዋሽ ነው፣ ከጀርባው መብራት አለው፣ ሁሉም ያምርበታል፣ ስለዚህ ማሽንሽ ወረቀት ታውጣ፣ ቁራጭ ወረቀት፣ ሰውየው ቤቱ ወስዶ ጠዋትም ማታም ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይየው፣ ማተሚያ ጨመርኩ፣ ሌላ ቀን አንድ ግንበኛ መጣ፣ ጣቱን አሥር ጊዜ አሳረፈበት፣ ስክሪኑ አልሰማውም፣ ኖራና ሲሚንቶ የበላው ጣት ነዋ፣ ሰውየው አፍሮ እጁን ኪሱ ከተተ፣ እሳቸው ከኋላ፣ አንተ እጅህን አውጣ፣ የተበላሸው ያንተ ጣት አይደለም፣ የዚች ልጅ መስታወት ነው፣ ከዚያ ዞረው ወደ እኔ፣ ለማን ነው የሠራሽው፣ ለፒያኖ ተጫዋች? ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ ያንን ማስተካከል፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ነገር ያ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ይሠራል።

እና ያ ጥያቄ። ቤት ውስጥ ማነው የሚያስለው?

ይሄ ምኑ ነው የቀለም ጥያቄ፣ አልኩ መጀመሪያ፣ ልጄ አሉኝ፣ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ያለበት ቤት አንድ ሰው ያስላል፣ ግድግዳህ ይረጥባል ወይ ስትዪው ሰው ይዋሻል፣ ቤቱን እንዳትንቂበት፣ ማነው የሚያስለው ስትዪው ግን ይነግርሻል፣ እናቴ፣ ልጄ፣ ይልሻል፣ ያኔ ቀለም አትሸጪለትም፣ ቱቦውን አሠራ፣ ይድረቅ፣ ከወር በኋላ ና ትዪዋለሽ፣ ይመጣል ወይ አልኳቸው፣ የት ይሄዳል፣ አሉኝ፣ አትግዛ ካለው ሰው ሌላ ማንን ሊያምን ነው።

ኢንጂነር ባልታሳር ያቺን ጥያቄ ሊያስወጣት ያላደረገው የለም፣ ምን ትሸጣለች? ነበር የሚለው በየስብሰባው፣ በዚህ ጥያቄ የመጣ ሽያጭ አሳዪኝ፣ ተከራከርኩ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል፣ በመጨረሻ እሺ አለ፣ ትቆይ ላንቺ ስል፣ አሸነፍኩ ብዬ ለዶኛ ኤርሜሊንዳ ስነግራቸው አላጨበጨቡም፣ ላንቺ ሲል? ብቻ አሉ።

መጣ ይኸው፣ ሽቶው ቀድሞት፣ ነጭ ጓያቤራ ሸሚዝ፣ ኔሬይዳዬ! ታላቁ ቀን! ቆንጆዋ ሊንዳ ነቃች? ሊንዳ። የማሽኗን ስም እንኳ ከሳቸው ቆርጠው ነው የወሰዱት፣ ደንበኞቹ ሊንዳ ነው የሚሏቸው፣ አሁን ግድግዳው ሙሉ ሊንዳን ጠይቋት የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፣ ቆሜያለሁ፣ ጉልበቴ ላይ አቧራ፣ ኢንጂነር፣ እላለሁ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ የት ናቸው፣ ፊቱ ጥቂት እንኳ አይለወጥም እኮ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ትንሽ ቢደነግጥ፣ ትንሽ ቢያፍር፣ አ፣ ኤርሜሊንዳ፣ በክብር ሸኝተናታል፣ ኬክ ነበር፣ አልነገሩሽም? ረዳት ነው ብለውኝ ነበር፣ እላለሁ፣ ረዳትማ ነው፣ ይለኛል፣ ለድርጅቱ ረዳት ነው፣ እሷም ታርፋለች፣ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ አንቺ ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ?

እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የነገርኩት። መሰላሉ ይቅርላቸው ብዬ።

ስማቸውንስ? ድምፃቸውንስ? ሊንዳ ማለት ቆንጆ ማለት ነው ኔሬይዳዬ፣ ማንም ቆንጆ ሊባል ይችላል፣ ሊንዳ የድርጅቱ ናት፣ ነይ አሁን ፊትሽን ተጣጠቢ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ደርሰዋል፣ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፣ እንደ ፈረስ፣ እንደ ውሻ፣ እና እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ሄጄ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ትሰሚያለሽ ኔሬይዳ ሳሙዲዮ፣ ሄደሽ ፊትሽን ታጠብሽ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ለዶኛ ኤርሜሊንዳ ስልክ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሱም፣ ለምን ያነሳሉ፣ እኔ ብሆን አነሳ ነበር ወይ።

አራት ሰዓት ሆነ። ሰው ሞላ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ሦስቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል በዚህ ሙቀት፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ማይክ አለ፣ ቴክኖሎጂ ከሰው ጋር ይላል ኢንጂነር፣ ሙቀት ያለው ቴክኖሎጂ፣ የቬራክሩዝ ነፍስ በስክሪን ውስጥ፣ ነፍስ ይላል ያለ ኀፍረት፣ እኔ ከጎን ላፕቶፔን ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ አንድ ነገር በይ፣ ምን ልበል፣ ማይኩን ቀሚው፣ አይ፣ ሰው ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል ብለሽ ነው እዚህ የደረስሽው፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ እጄ ራሱ አጨበጨበ፣ በስመአብ፣ አጨበጨብኩ።

አሁን እውነተኛ ደንበኛ! ይላል ኢንጂነር፣ እና ከበሩ በኩል፣ ከማንም በፊት፣ ዶን ፊደንሲዮ፣ ጡረታ የወጣ የወደብ ሠራተኛ፣ ዓይኑ ደከም ያለ፣ የተጻፈ ነገር ፊቱ ድረስ አስጠግቶ የሚያነብ፣ በወር ሁለቴ ምንም ሳይገዛ ከዶኛ ኤርሜሊንዳ ጋር ሊጨቃጨቅ የሚመጣ፣ አውቀዋለሁ፣ ያውቀኛል፣ ባርኔጣውን አውልቆ ስክሪኑ ፊት ቆመ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ዛሬ ምን እንቀባ? ፊቱ ሁሉ በራ፣ አንቺ ሊንዳ! የት ገባሽ፣ አለ፣ ከስክሪኑ ኋላ እያየ፣ ከመስታወቱ ኋላ እየፈለጋቸው፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ የገባሽ መስሎኝ፣ ሰማያዊ ኮቶቹ ሳቁ፣ ፎቶ አንሺው አነሳው፣ ሳቁብህ ዶን ፊደንሲዮ፣ በኔ ሥራ ሳቁብህ።

ግድግዳው ወዴት ነው የሚያየው? ትለዋለች ከስክሪኑ። ወደ ባሕር ነው እንጂ፣ ታውቂው የለ፣ እዚያው ነን። የሚረጥበው ከላይ ነው ከታች? ከታች ነው፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ እንዳለፈው፣ አሁንማ እስከ ወገቤ ደርሷል።

አሁን ነው። አሁን ማነው የሚያስለው ትለዋለች፣ የልጅ ልጄ ይላታል፣ አይግዙ፣ መጀመሪያ ቱቦውን ያሠሩ ትለዋለች፣ በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት፣ በማይክ ፊት፣ አይግዙ ትላለች፣ ቢያንስ ይቺ፣ ቢያንስ ይቺን ትታያላችሁ።

ሁለት ባልዲ ይውሰዱ፣ ወፍራሙን፣ አይቆጭዎትም።

ምን?

ድምፃቸው ነው፣ የራሳቸው ድምፅ፣ አውቀዋለሁ ይሄን ዓረፍተ ነገር፣ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሊቀቡ ለመጡት ቀለም ቀቢዎች ነው ያሉት፣ ፀሐይ ላይ ላለ ደረቅ ድንጋይ፣ ቆርጠው ለጠፉት፣ ጥያቄዋ የለችም፣ አይግዙ የለም፣ ማታውኑ ነካክተውታል፣ እኔ ሳላውቅ፣ ፕሮግራሜን ከፍተው፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራች ሴትዮ አንድ ቀን ያልዋሸችውን ውሸት በገዛ ጉሮሮዋ አስዋሿት፣ ዶን ፊደንሲዮ ደግሞ እሺ ይላል፣ እሺ ሊንዳ፣ አንቺ ካልሽ፣ አንቺ ካልሽ! ልጁ ለጡረተኛ አባቱ የላከውን ገንዘብ ከኪሱ ያወጣል፣ ኢንጂነር ያጨበጭባል፣ የመጀመሪያው ሽያጭ! ሁሉም ያጨበጭባል።

ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም፣ ድምፆቹ በኔ ስም ነው የተቀመጡት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቅጂ፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ አጥፋ አልኩት፣ እርግጠኛ ነሽ? ይለኛል፣ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ጠፋ። ሊንዳ ስክሪኑ ላይ መብራቷ እየተወዛወዘ ዝም አለች፣ ጭጭ፣ ዶን ፊደንሲዮ መስታወቱን አንኳኳ፣ ምን ሆነች? አለ ኢንጂነር፣ ዝም አለችኮ፣ ኔሬይዳ፣ ምን ሆነ? ድምፁን ወሰድኩት፣ አልኩ፣ ምኑን? ድምፁን፣ የኤርሜሊንዳን፣ ድምፄ ራሱ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው፣ ኮንትራት ፈርመሻል! ይላል በጥርሱ መሀል፣ ፈገግታው እንዳለ፣ እኔ ፈርሜያለሁ፣ እሳቸው አልፈረሙም፣ ቅዳሜ በካርቶን የሸኛችኋት ሴት ናት ይቺ! ጮህኩ፣ እየጮህኩ ነው፣ ስሟን ሰርቃችሁ፣ ጉሮሮዋን ሰርቃችሁ፣ ደግሞ አስዋሻችኋት! ከሰማያዊ ኮቶቹ አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ፣ ዘበኛውን ጥሩት አለ ኢንጂነር፣ ኤፍራይን መጣ፣ ክንዴን ያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እህቱ፣ ነይ እናቴ፣ ነይ እንውጣ፣ በሩ ላይ ደግሞ በጆሮዬ፣ ጎሽ፣ አለኝ።

ጎሽ። ከዚያች ጎሽ ጋር ነው ከተማውን ያቋረጥኩት፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አላመኝም፣ በእግሬ፣ አውቶቡስ አልያዝኩም፣ አየሽ ኔሬይዳ፣ አደረግሽው፣ ኢንጂነሩ ፊቱ እንዴት ሆነ፣ እንደ ርካሽ ቀለም ነው የተላጠው፣ ይክሰሱኝ፣ ምን አባታቸው፣ ሥራ ሁለተኛ አላገኝም እዚህ ከተማ፣ አላገኝ፣ ጫማ እሸጣለሁ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ይሄን ሲሰሙ፣ ያቅፉኛል፣ ምናልባት አያቅፉኝም፣ ግን ይስቃሉ፣ ያንን ሳቃቸውን፣ በደንብ አድርጌ ነው የምነግራቸው፣ ከሪባኑ ነው የምጀምረው።

የቤታቸው በር ክፍት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ባቄላ ዘርግተው ጠጠር ይለቅማሉ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

መጣሽ።

መጣሁ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ።

እግርሽን ጥረጊና ግቢ።

ነገርኳቸው፣ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሪባኑን፣ ኢንጂነር ስለ ነፍስ ያወራውን፣ የተቆረጠውን ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን፣ ጉሮሮዋን ሰርቃችሁ ያልኩትን ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ጠጠር ያወጣሉ፣ ባቄላ ወደዚህ፣ ጠጠር ወደዚያ፣ ጨረስኩ፣ ጎረቤት ሬዲዮ አለ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ።

ፊደንሲዮስ?

ምን?

ፊደንሲዮ ምን ሆነ? ገዛ?

ገዛ መሰለኝ፣ ከፍሏል፣ እኔ እንኳ በዚያ ሰዓት።

ቱቦውን እንዲያሠራ ነገርሽው?

አንድ ባቄላ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ።

ጠየቅኩሽ እኮ፣ ያን ሁሉ ስትጮሂ፣ ሽማግሌው እዚያው ቆሞ፣ ዞር ብለሽ፣ ዶን ፊደንሲዮ፣ ይሄን አይግዙ፣ አላልሽውም?

አላልኩትም። አልታየኝም ራሱ። ባልዲዎቹን ተሸክሞ ወጥቶ ይሆናል እኔ ስለ ጉሮሮ ስጮህ፣ ሊንዳ ካለች ብሎ ከፍሎ፣ ቤቱ ገብቶ ክዳኑን በመፍቻ እያነሳ ይሆናል አሁን፣ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ላይ ሊለቀልቀው፣ በሁለት ወር እንደ ቆዳ ሊገፈፍ፣ ልጅቷም ከሥሩ ተኝታ ስታስል፣ ሁለት ቃል ነበር እኮ፣ አይግዙ ይቆዩ፣ ማይክም አያስፈልገው።

ስልካቸውን አነሱ፣ ቁጥሩን ከጭንቅላታቸው ነው የደወሉት፣ ሃሎ፣ ፊደንሲዮ፣ እኔ ነኝ፣ አይ፣ ማሽኗ አይደለሁም፣ እኔ፣ ኤርሜሊንዳ፣ እቤቴ ነኝ፣ እሱን ተወው አሁን፣ ባልዲውን ከፈትከው? እንዳትከፍተው፣ እንዳትነካው ነው የምልህ፣ አንዱን? አንዱን ከከፈትክ ክደነው፣ ሌላውን ነገ ይዘህ ትመልሳለህ፣ ኤፍራይንን ጥራው በሩ ላይ፣ ይረዳሃል፣ ቧንቧ ሠሪውን ደግሞ እኔ እልክልሃለሁ፣ የእህቴን ልጅ፣ አዎ፣ ያንን ሰካራም፣ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ የልጅቷ ሳል እንዴት ነው፣ ሌሊት ነው ቀን፣ እህ፣ ከግድግዳው አርቀህ አስተኛት፣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ጎትት፣ ዛሬውኑ፣ እሺ፣ እሺ፣ አልሞትኩም አልኩህ እኮ።

ዘጉት። አሁን ተቀመጪ፣ አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ትልቅ ሆኜ ነበር የገባሁት፣ በርጩማዋ ላይ እግሬ መሬት የሚደርስ አልመሰለኝም፣ እሳቸው ባቄላውን በክንዳቸው ገፋ አድርገው የጠረጴዛውን ግማሽ ባዶ አደረጉ፣ ከመሳቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ፣ ሐሙስ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ቀጠሮ አለኝ፣ አሉ፣ ጉልበቷን አሟት በፈቃዷ ለቀቀች ብለው ነው የጻፉብኝ፣ በፈቃዴ፣ ጠበቃዬ ምስክር አለሽ ወይ አለችኝ፣ እነዚያን ጥያቄዎች ማን እንደነገረሽ፣ ስንት ወር እንደተቀመጥሽ፣ ረዳት ነው ብለው እንዳስገቡሽ፣ በእጅሽ ጻፊልኝና ሐሙስ መጥተሽ አፍሽን ሞልተሽ ትናገሪያለሽ።

እጽፋለሁ፣ አልኩ፣ ቶሎ አልኩት፣ ድምፅዎን ስላጠፋሁባቸውም እጽፋለሁ።

እሱን ተዪው፣ እሱ ላንቺ ነው የጠቀመሽ፣ ሳይቆጡ አሉኝ፣ ይሄ ነው የባሰው፣ ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ገፉና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?

ምኑን፣ ልል ነው፣ አፌ ከፈት ብሏል፣ ምኑን ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ እንደሰው ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ኤፍራይን ይመስክር፣ እውነት ነው እኮ፣ ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ቅዳሜ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ካርቶኑን ዛሬ፣ ግን እሳቸው ያንን አልጠየቁኝም፣ ጠዋት ጀምሬ ስጮህ የዋልኩት እንዳይጠይቁኝ ነው፣ እኔ ራሴን እንዳልጠይቀው፣ ድርጅቱ ሥራውን ሲሰጠኝ አንድ ሰነድ ልኮልኝ ነበር፣ ሠላሳ ገጽ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነው በስልኬ ያነበብኩት፣ ከሰንጠረዡ ሥር፣ በትንሽ ፊደል፣ በየቅርንጫፉ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ፣ እሳቸውን አላውቃቸውም ነበር ያኔ፣ ማንንም ይቀንሱ ብዬ አለፍኩ፣ ከዚያ አወቅኋቸው፣ ከዚያ ቮሎቫን በላን፣ በዚያ ቅርንጫፍ ሌላ የሽያጭ ሠራተኛ የለም፣ ኤፍራይን ዘበኛ ነው፣ ሌላው ገንዘብ ተቀባይ ነው፣ አንድ ሲሉ ማን ሊሆን ኖሯል፣ መቁጠር የማልችል ሰው ነኝ እንዴ፣ ቀኑን ሙሉ ከሳቸው ጋር እውላለሁ፣ ማታ ስተኛ ያ መስመር ይመጣል፣ ዞር እላለሁ፣ ጥሩ አድርጌ ከሠራሁት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፣ እያልኩ፣ ለሳቸው ጥያቄ ስሟገት፣ ለሳቸው ሳልሟገት።

አውቅ ነበር፣ አልኩ።

ከመቼ ጀምሮ?

ከመጀመሪያው። ወረቀት ልከውልኝ ነበር። አንብቤዋለሁ።

ረዳት ነው ስትዪኝ?

አንብቤዋለሁ ያኔ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢጮሁብኝ ደስ ባለኝ፣ ከባቄላው መሀል አንዲት ጠጠር አገኙ፣ አወጧት፣ የጎረቤት ሬዲዮ ማስታወቂያ ጨርሶ ዜና ጀመረ።

እሱንም ጻፊው፣ አሉ። በቅድሚያ እሱን ጻፊ። ጠበቃዋ እሱን ነው የምትፈልገው፣ በፈቃዷ ለቀቀች የሚሉትን የሚያፈርሰው እሱ ነው፣ ወረቀቱ አሁንም አለሽ?

አለኝ።

ጥሩ።

ጻፍኩ፣ እኔ ኔሬይዳ ሳሙዲዮ፣ ብዬ፣ በእጄ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ፣ ፊደሌ የተማሪ ይመስላል፣ የሱቁን ስክሪን መሥራት ሳልጀምር በየቅርንጫፉ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ እንደሚቀነስ ከጋቪዮታ በተላከልኝ ሰነድ ላይ አንብቤያለሁ፣ ለወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ግን ረዳት እንደሚሆን በአፌ ነግሬያቸዋለሁ፣ በስሕተት ሳይሆን አውቄ ነው፣ አውቄ የሚለውን ጽፌ ቆምኩ፣ ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ ለስለስ ያለ፣ በቸልታ፣ ባለመገንዘብ፣ ቢሮ ቢሮ የሚሉ ቃላት ብዙ አሉ፣ ሁሉም መጡልኝ፣ ተውኳቸው፣ አውቄ።

አንብቢልኝ፣ አሉ፣ ወረቀቱን ወደሳቸው ሳዞር እጃቸውን አወዛወዙ፣ አይ፣ አንቺ አንብቢው፣ ሐሙስ ቢሮው ውስጥ ነው የምታነቢው፣ እዚህ ካልወጣሽ እዚያ አይወጣሽም።

አነበብኩ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ድምፄ ጠፋ።

አልተሰማኝም፣ አሉ። ጮክ በይ።

ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ስሜን፣ ቀኑን፣ ያነበብኩትን፣ ያልኳቸውን፣ በሩ ክፍት ነው፣ መንገደኛ ያልፋል፣ ጎረቤት ሬዲዮውን ቀነሰ፣ እኔ ግን አላቆምኩም።